የፖስተኛው ሪዝ

ይህ የምነግራችሁ ነገር ከእግሩ እስከ ራሱ እውነት ነው። ብዋሽ ፀጉሬ ይርገፍ ብዬ እንዳልምል ፀጉሬ ከረገፈ ቆየ፤ ስለዚህ በቀሩኝ ጥርሶች እምላለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ቀጣፊ እንደሚለኝ አውቃለሁ። የውኃ ማጠራቀሚያው ውስጥ አዞ ገብቷል ብዬ ሰውን ግማሽ ቀን ሙሉ ፊቱን ሳይታጠብ ያዋልኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ትምህርቴንም ካነሳችሁ ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከእኔ ቀድሞ ተስፋ የቆረጠው መምህሩ ነው። የእህቴ ነገር ግን ሌላ ነው። በእህቴ አልቀልድም። ቀልጄ የደረሰብኝን ስለማውቅ።

እትዬ ነው የምላት። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች፤ በቁመት ደግሞ እኔ እበልጣታለሁ፣ እሷ ግን ይህን አምና አታውቅም። የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት መብራት ፊት ተቀምጣለች። ሥራው እንዲህ ነው። ታጥበው የወጡ ባዶ ጠርሙሶች በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ ተሰልፈው፣ እየተንቋቁ፣ ከጀርባው መብራት በበራበት ነጭ መስታወት ፊት ያልፋሉ። እትዬ ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች። አፉ የተሸረፈ፣ አንገቱ የተሰነጠቀ፣ ሆዱ ውስጥ ቆሻሻ የቀረበት ካለ ቀኝ እጇ ብቅ ትልና መንትፋ ወደ ሣጥን ትወረውረዋለች። በደቂቃ መቶ ሃያ ጠርሙስ። እሷ ካሳለፈችው የሚቀረው መሙላት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጠርሙሱን የሚያየው ጠጪው ብቻ ነው፣ እሱም በከንፈሩ።

ይህ ዓመል ቤት ድረስ ተከትሏታል። ብርጭቆ ከሰጠኋት መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ታነሳዋለች። አንድ ቀን እጮኛዬ ቤት ተጋብዘን ሄድን። እትዬ የቀረበላትን ብርጭቆ ወደ አምፖሉ አንስታ ዞር ዞር አደረገችውና በሰው ፊት «ይሄ ተሰንጥቋል፣ ጣሉት» አለች። የእጮኛዬ እናት ፊታቸው ጠቆረ። እኔም እስከ ዛሬ ብቻዬን እኖራለሁ።

እንግዲህ ወደዚህ ፋብሪካ አዲስ የምርት ኃላፊ መጣ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንገቱ ላይ የሩጫ መቁጠሪያ ሰዓት የሚያንጠለጥል። ሰው ሽንት ቤት ሲገባ ጠቅ ያደርጋታል፣ ሲወጣ ጠቅ። ሠራተኛው ወዲያው አቶ ሴኮንድ አለው። አቶ ሴኮንድ በሁለተኛው ወር አንድ ግራጫ የቆርቆሮ ሣጥን ይዞ ከተፍ አለ። ሣጥኑ ላይ አንዲት ቀይ አምፖልና አንድ ቁልፍ አለ። አምፖሏ ስትበራ ቁልፉን መጫን ነው። ሃያ ጊዜ ትበራለች፤ ስንቱን በጊዜው እንደተጫንክ ሣጥኑ ራሱ ቆጥሮ ይናገራል። የቅልጥፍና መመዘኛ ይባላል።

ሁሉም ተፈተነ። ከተቀጠረች ሁለት ወር ያልሞላት ልጅ አሥራ ስምንት አገኘች። የጭነት መኪናው ሾፌር አሥራ ሰባት። ጠርሙስ ነክቶ የማያውቀው የሒሳብ ሹሙ እንኳ አሥራ ዘጠኝ አግኝቶ ሲንጎራደድ ዋለ። እትዬ አራት አገኘች።

አራት!

አቶ ሴኮንድ ወረቀት ጽፎ ሰጣት። ወረቀቱ፣ እጅዎ ስለደከመ ከመብራት ተነሥተው ወደ ካርቶን ማጠፊያ ክፍል ይዛወራሉ፣ አርብ ከምሳ በኋላ ሁለተኛው ፈተና ስላለ አሥራ አምስት ካላገኙ ዝውውሩን እዚያው ይፈርማሉ ይላል። ካርቶን ማጠፊያው ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። የገባ ሰው ጡረታው እስኪደርስ ካርቶን እያጠፈ ከካርቶን ጋር ያረጃል።

ሰኞ ማታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«አልፈርምም» አለች።

«እና ምን ልታደርጊ ነው እትዬ?»

«አልፈርምም አልኩህ። ሌላ ምን ላድርግ?»

«አሥራ አምስት ማግኘት ነዋ!»

«አራት ያገኘች ሴት በሦስት ቀን አሥራ አምስት ታገኛለች? አንተ እንኳ እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽተህ አታውቅም።»

እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየችው፤ እንደ ሰው ዕቃ ነበር የምታየው። እትዬን እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። ያን ጊዜ ነው አፌ ከጭንቅላቴ ቀድሞ «ነገ ከሥራ ስትወጪ እኛ ጋ ነይ፣ እናለማምድሻለን» ያለው።

እኛ ጋ ማለት የምሠራበት የጨዋታ ቤት ነው። ከልብስ ሰፊውና ከስልክ ጠጋኙ ሥር ደረጃ ወርዳችሁ ታገኙታላችሁ። ከሰው ቁመት የሚበልጡ አሥራ አንድ አሮጌ የጨዋታ ማሽኖች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሰባቱ በሕይወት አሉ። ባለቤቱ ጋሼ ሽቦ ናቸው። የማይጠግኑት ነገር የለም፤ የሚጠግኑትም ሁሉ በሽቦ ነው። ጫማቸውን ሳይቀር። የእኔ ሥራ ማሽን ማጽዳት፣ አልነሳ ያለውን በጡጫ ማስነሣትና ለደንበኛ ወሬ ማቅረብ ነው። በወሬው የሚደርስብኝ የለም።

ከማሽኖቹ ሁሉ የከፋው «ፖስተኛው» ነው። እንደ ፊልም በእጅ የተሳለ ካርቱን ነው፤ ቀለሙ ያምራል፣ ሙዚቃው ያስጨፍራል። ሪዙ እስከ ጆሮው የደረሰ ቀጭን ፖስተኛ አንዲት ደብዳቤ ይዞ ጭራቅ ወዳለበት ግንብ ይሮጣል። ሲሮጥ የምትመራው አንተ አይደለህም፤ እሱ በራሱ ይሮጣል። አንተ የምታደርገው በየበሩ አንድ ነገር ሲወድቅበት፣ ሲነክሰው፣ ሲከፈትበት፣ እኛ ማርሽ የምንላትን ዘንግ በቅጽበቷ ወደ ትክክለኛው ጎን መምታት፣ ወይም ቀዩን ቁልፍ መጫን ነው። የምትሸሽበት ጎን ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብልጭ ይላል። ያኔ ካልመታህ ፖስተኛው ይሞታል፤ ሲሞት ደግሞ ራሱን የቻለ ፊልም አለው፣ አሟሟቱን አሳምረው ነው የሣሉት። ሃያ ሰባት በር አለ። የመጀመሪያው በር ላይ ያለው ቡናማ ውሻ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ደብዳቤውን ያደረሰ ሰው አልነበረም። ከላይ ፀጉር ቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ አሥራ ዘጠነኛው በር ደርሷል፤ ስለዚህ እንደ ሚኒስትር ነው የሚራመደው።

ማክሰኞ እትዬ የሥራ ካፖርቷን እንደለበሰች ደረጃውን ወረደች። ዙሪያዋን አየችና «የሰነፍ መጋዘን» አለች። ከዚያ ማርሿን ያዘች።

ፖስተኛው ሮጠ። ውሻው ዘለለ። ውሻው በላው።

ሁለተኛም በላው። ሦስተኛም። አሥረኛው ላይ መቁጠር አቆምኩ። እትዬ ከንፈሯን ነክሳ ማርሿን ጧ! ታደርጋለች፤ ውሻው ሱሪውን፣ ኮቱን፣ ባርኔጣውን፣ በመጨረሻ ሪዙን ይበላል። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ መጥቶ ከጀርባዋ ቆመ።

«እመቤት» አለ፣ «ውሻው እኮ ጠግቧል!»

«አንተ ደግሞ ሂድና ሰው ላጭ» አለች ሳትዞር።

ጋሼ ሽቦ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ዘግይታለች፤ እጅ ሲያረጅ እንዲህ ነው» አሉኝ። አላመንኳቸውም። ለመርዳት ያህል የማሽኑን ጀርባ ከፈትኩ። ውስጡ ለጥገና የተሠራች አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች። እሷ ስትበራ ማሽኑ የተጫዋቹን ምት መቀበል በሚጀምርባት ቅጽበት ላይ «ጢጥ» ይላል። እትዬ ጢጧን ስትሰማ ትምታ ብዬ ነው ያበራኋት።

ፖስተኛው ሮጠ። ውሻው ተነሣ።

ጧ! ጢጥ። ተበላ።

ጧ! ጢጥ። ተበላ።

ፀጉር አስተካካዩ ሳቁን አቋረጠ። ጋሼ ሽቦ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በጆሯቸው ለመስማት ለምን መነጽር እንደሚያወልቁ እሳቸው ያውቃሉ።

«እትዬ» አልኩ፣ «አልዘገየሽም እኮ። ቀድመሽ ነው! ማሽኑ በሩን ሳይከፍት ነው የምትገቢው!»

ልብ በሉ፣ በዚያ ቤት በአሥራ አንድ ዓመት መቅደምም እንደሚያስገድል ማንም አያውቅም ነበር። ቀድሞ የሚያውቅ ሰው መጥቶ አያውቅማ።

«ብልጭታው ሳይመጣ ምኑን አይተሽ ነው የምትመቺው?» አላት ፀጉር አስተካካዩ።

«ሪዙን» አለች። «አታዩትም እንዴ? አደጋ ሊመጣበት ሲል በሚሸሽበት በኩል ያለው ሪዙ ይንቀጠቀጣል።»

አየን። እውነቷን ነው! የሣለው ሰው፣ ባለበት ሰላም ይሁን፣ ከእያንዳንዱ ብልጭታ በፊት ሪዙን በአንድ ጎን ጥቂት አንቀጥቅጦታል። ፀጉር አስተካካዩ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሪዝ ሳስተካክል የኖርኩ ሰውዬ!» አለ፤ ቆሌው ተገፈፈ።

የእትዬ ግን የግንባሯ መስመር ተፈታ። «ሣጥኑም እንዲሁ ነው» አለች። «አምፖሏ ከመብራቷ በፊት ሆዱ ውስጥ ቅጭ ይላል። እኔ ቅጭ ሲል እጫናለሁ። አራቱን ያገኘሁት የጠርሙስ ማጠቢያው እንፋሎት ጮኾ ቅጩን ሲደብቅብኝ ነው። ጠርሙስ እኮ ፊቴ እስኪደርስ ከጠበቅኩት አልፏል፤ እጄ የሚነሣው ሁለት ጠርሙስ ሲቀረው ነው።»

ረቡዕ ጠዋት በቀጥታ አቶ ሴኮንድ ቢሮ ገብታ ይህንኑ ነገረችው። እሱም በትሕትና ሳቀ፤ ይህ ሳቅ ነው የሚያናድደው።

«እመቤቴ፣ ሣጥኑ ከተሠራበት ቦታ ተስተካክሎ ነው የመጣው። ሰው ይሳሳታል እንጂ ማሽን አይሳሳትም።»

«ቅጭ ሲል ይሰሙታል?»

«እኔ የምሰማው ቁጥር ነው። አርብ እንገናኝ።»

በዚያ ቀን ከሥራ በኋላ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። እኔም የልብ አዋቂ ነኝ ብዬ «ቀላል ነው እትዬ፣ ሪዙን ስታዪ በሆድሽ አንድ በይና ምቺ። ሣጥኑም ላይ እንዲሁ ነው» አልኳት። ጥርሷን ነክሳ ሞከረች። አንድ። ጧ! ውሻውን አለፈች። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አንድ። ጧ! ድልድዩን አለፈች። ስድስተኛው በር ደረሰች። ያን ቀን እየዘፈንኩ ቤቴ ገባሁ፤ ጎረቤቶቼ ይመሰክራሉ፣ ከስሰውኝ ነበር።

ሐሙስ ደረጃውን ስትወርድ እርምጃዋ ሌላ ነበር። ማርሿን አልነካችም። ከካፖርቷ ኪስ አንድ ጠርሙስ አውጥታ ማሽኑ ላይ ጎን አድርጋ አስቀመጠችው። የአፉ ጠርዝ እንደ ቢላ ተሸርፏል።

«ይሄ ዛሬ ያለፈኝ ነው» አለች። «በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ። አይቼዋለሁ! እጄ ግን አንድ ብሎ ቆጠረ። ሮጬ መሙያው በር ላይ ደረስኩበት። ባልደርስበት ኖሮ ይሄን አንዱ የሰው ልጅ አፉ ውስጥ ይከተው ነበር።»



«መዘግየት አስተማራችሁኝ፤ ጎበዞች! በዚህ ከቀጠልኩ ነገ ፈተናውን አልፋለሁ። አልፌ መብራት ፊት እቀመጥና የማላይ እሆናለሁ። ለቆርቆሮ ብዬ እጄን አላደነዝዝም። አልጠብቅም። አልፈርምም። ካርቶንም አላጥፍም። ምን እንደሚያመጡ አያለሁ!»

«ይጎትቱሻል እኮ» አልኳት።

«ይጎትቱኝ። በርጩማውንም ይዤ ነው የምጎተተው።»

ያኔ ጋሼ ሽቦ ከወንበራቸው ተነሡ። ብሎን መፍቻ አንሥተው ወደ ፖስተኛው ጀርባ ዞሩ። «እህቴ፣ ነይ እስቲ ምቺ» አሉ። እሷ መታች፤ እሳቸው አንዲት ብሎን ሩብ ዙር አዞሩ። ማሽኑ ምት መቀበል የሚጀምርባትን ቅጽበት የምታመጣና የምትመልስ ብሎን ናት። ጧ! ጢጥ። ሩብ ዙር። ጧ! ጢጥ። ሌላ ሩብ ዙር። በመጨረሻ ጧና ጢጥ ገጠሙ፤ ውሻው አየር ነክሶ ወደቀ። የማሽኑ በር እትዬ ስትመጣ የሚከፈት፣ ብልጭታው ሲመጣ የሚዘጋ ሆነ።

ፀጉር አስተካካዩ ሞከረው። ተበላ። እኔ ሞከርኩት። ተበላሁ። ሁላችንም ብልጭታውን የምንጠብቅ ሰዎች ነንና ረፍዶብናል።

እኔ ያን ጊዜ ተንኮል መጣልኝ። ተንኮል ሲመጣልኝ ጆሮዬ ይግላል፤ ሁለቱም ጋሉ።

አርብ ቀትር ላይ ፖስተኛውን በእጅ ጋሪ ጭነን ወደ ፋብሪካው ገፋነው። አንዲት የወለደች ላም ያህል ይመዝናል። ማሽኑ ከጠፋ ለመሞቅ ግማሽ ሰዓት ስለሚፈጅበት ጋሼ ሽቦ በሽቦ ከጭነት መኪና ባትሪ ጋር አስረውት እንደበራ ነው የሄደው። ሙዚቃው መንገዱን ሙሉ ይደልቃል፤ ፖስተኛው እየሮጠ፣ የሚመታለት ሰው ስለሌለ በየሠላሳ ሜትሩ እየተበላ፣ ቡናማው ውሻ እየጮኸ። የመንደር ውሾች ጩኸቱን ሰምተው ተከተሉን። አሥራ አራት ነበሩ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ያለው የትራፊክ ፖሊስ ምን ዓይነት ሰልፍ እንደሆነ ስላልገባው መኪኖቹን አቁሞ ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፈን።

የፋብሪካው ዘበኛ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለን።

«ፈተና ነው» አልኩት። «ከበላይ የታዘዘ።» ከበላይ ያልኩት እኛ ምድር ቤት ስለሆንን ነው፤ ሁሉም ከበላያችን ነው። ዘበኛው ገመዳችንን ከዳሱ ሶኬት ላይ ሰካልን።

ሠራተኛው የምሳ ዕቃውን እንደያዘ ከበበን። እትዬ ካፖርቷን ቆልፋ መጣችና ከማሽኑ ጎን ቆመች። ጥቂት ቆይቶ አቶ ሴኮንድ ሣጥኑን ብብቱ ሥር፣ ሰዓቱን አንገቱ ላይ አድርጎ ወጣ።

«ይህ ምን ጉድ ነው? ማን ነው ያስገባው?»

«ማሽን ነው» አለች እትዬ። «ማሽን ደግሞ አይሳሳትም ብለውኛል። እኔ በእርስዎ ማሽን ከመፈተኔ በፊት እርስዎ በእኔ ይፈተኑ።»

ሰው ሳቀ። አቶ ሴኮንድም ፈገግ አለ፤ ዓይኑን ማሽኑ ላይ ጥሎ የልጅነት ፊት አወጣ። «ይሄን?» አለ። «ተማሪ ሳለሁ እንደነዚህ ያሉትን ጨርሻቸው ነው የወጣሁት።» ሣጥኑን ለዘበኛው አቀበለ፣ እጅጌውን ጠቀለለ። 

ፖስተኛው ሮጠ። ብልጭ አለ። አቶ ሴኮንድ፣ እውነት መናገር አለብኝ፣ እንደ መብረቅ ነው የመታው። ውሻው በላው።

«ቆይ» አለ። እንደገና። ተበላ። «ቆይ፣ ቆይ።» ተበላ። ማርሿን ጨበጠ፣ ተንበረከከ፣ ምላሱን በጥርሱ ያዘ። ተበላ። ሰባተኛው ላይ ውሻው ሪዙን እየጎተተ ሲወጣ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ «ጌታው፣ ውሻው እኮ ጠግቧል!» ብሎ ጮኸ፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«የሚያስቅ ነገር የለም!» አለ አቶ ሴኮንድ ላቡን እየጠረገ። «በጊዜው ነው የመታሁት! ሁላችሁም አይታችኋል! እጄ ደህና ነው፤ የተሳሳተው ማሽኑ ነው!»

ሳቁ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። 

እትዬ አንድ እርምጃ ቀረበች። «እስቲ ድገመው ልጄ» አለች በቀስታ። «እኔ ሰኞ የነገርኩህ... አይ፣ ረቡዕ ነው። ረቡዕ ቢሮህ ገብቼ የነገርኩህ ይሄንኑ አልነበረም?»

 እስከዚያች ቅጽበት እርስዎ ይባባሉ ነበር፤ በዚያ ግቢ ውስጥ የእሷ እርስዎ አንተ ሆነ።

እሷ ማርሿን ያዘች። ወንድሞቼ፣ የሚቀጥለውን በምን ልንገራችሁ! ውሻው፣ ድልድዩ፣ እሳቱ፣ የሚወድቀው ፋኖስ፤ እጇ ከሪዙ ጋር እኩል ትንቀጠቀጣለች። አሥረኛ። አሥራ አምስተኛ። አሥራ ዘጠነኛው በር ላይ ፀጉር አስተካካዩ ባርኔጣውን አወለቀ። ሃያ። ሃያ አምስት። ጭራቁ ተንበረከከላት፤ አለፈችው። ሃያ ሰባተኛው፣ ማንም ያላየው የመጨረሻው በር፣ ከፊት ቆመ። ፖስተኛው ደብዳቤውን አወጣ። እጁን ለማንኳኳት አነሣ። ሪዙ በቀኝ በኩል ተንቀጠቀጠ።

የምሳው መጨረሻ ደወል ተደወለ።

እትዬ ማርሿን ለቀቀች። «ሥራ ገብቷል» አለች።

«እትዬ! በእናትሽ! አንድ ምት!» ብዬ መሬት ላይ ወደቅኩ። ጋሼ ሽቦ አለቀሱ። ፖስተኛው ወለሉ ተከፍቶበት ወደ ታች ሲሄድ እሷ ካፖርቷን እያራገፈች ገብታ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

አቶ ሴኮንድ ሣጥኑንና ወረቀቱን ይዞ ተከተላት። እኛም ተከተልነው፤ የከለከለን አልነበረም።

«ሣጥኑን አስቀምጠው» አለችው ፊቷን ከመብራቱ ሳታነሣ። «ጠርሙስ አምጣ። አሥር ስበርና ቀላቅልብኝ። በመጀመሪያ ግን አሥራ ስምንት ያገኘችውን ፈትናት።»

ሾፌሩ የአሥር ጠርሙስ አፍ ሸርፎ እንዳይጠፉ ቂጣቸው ላይ በቀይ ቀለም ነጥብ አደረገና ከሰልፉ ውስጥ ሰገሰጋቸው። አዲሷ ልጅ ተቀመጠች፤ ስድስት ያዘች። ተነሥታ «እኔ መጀመሪያም እዚህ አስቀምጡኝ አላልኩም» አለች፤ እትዬ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። አሥሩም ተሰብስበው እንደገና ሰልፉ ውስጥ ገቡ። እትዬ ተቀመጠች። ቀበቶው ተነሣ። እጇ ብቅ፣ እጇ ብቅ። ሲቆም ሣጥኗ ውስጥ አሥራ አንድ ጠርሙስ ነበረ።

አሥሩ ቀይ ነጥብ አለባቸው። አሥራ አንደኛው የለበትም።

አቶ ሴኮንድ አሥራ አንደኛውን አንሥቶ አዞረው፣ አፉን በጣቱ ዳሰሰው። ፊቱ በራ። «ይሄኛው ደህና ነው» አለ። «ያለ ጥፋቱ ነው የጣሉት።» ይህን ብሎ አንገቱን በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው። አንገቱ ከጠርሙሱ ተለይቶ እጁ ላይ ቀረ። ክብ ስንጥቅ፣ ከፀጉር የቀጠነ።

 ከዚያ ሰዓቱን ከአንገቱ አወለቀ፣ ወረቀቱን ለአራት ቀደደው፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ፤ የተሳሳተው ሣጥኑ ነው፣ እኔም ከሣጥኑ ጋር» አለ። እትዬ አልዞረችም። ቀበቶው ተነሥቶ ነበርና እጇ ሥራ ላይ ነበረች።

ዛሬም እዚያው መብራት ፊት ናት። ግራጫው ሣጥን የዘበኛውን ዳስ በር ንፋስ እንዳይዘጋው ይደግፋል። ጋሼ ሽቦ ብሎኗን እንደነበረች ትተዋታል፤ ስለዚህ በቤታችን ማንም ቡናማውን ውሻ አያልፍም፣ ፀጉር አስተካካዩም እንደ ሰው መራመድ ጀምሯል። ከሃያ ሰባተኛው በር ኋላ ማን እንዳለ አናውቅም። እትዬን ነይና አሳዪን ብለን ስንለምናት «ከፈለጋችሁ ሪዙን እዩት» ትለናለች።

እሺ። ይህን ስጽፍ ከትከሻዬ በላይ ቆማ አንብባዋለችና አንድ ነገር ልናዘዝ። ይቅርታውን እኔ ነኝ የጨመርኩት። አቶ ሴኮንድ ይቅርታ አልጠየቀም። የጠርሙሱን አንገት ሣጥኗ ውስጥ ጣለ፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ሰዓቱን እያየ ወጣ። ወረቀቱም ከዚያ ወዲያ አልታየም።

«አውጣው» አለችኝ እትዬ።

«ለታሪኩ እኮ ያምራል።»

«አልለመንኩትም። እሱም አላለውም። አውጣው።»

አላወጣሁትም። እሷ አልፈርምም ማለት ከቻለች እኔም አላወጣም ማለት እችላለሁ። ጋሪው፣ ፖሊሱ፣ አሥራ አራቱ ውሾች ግን እንደነበሩ ናቸው፤ አንዱን ውሻ እንኳ አልጨመርኩም።